አራት ዘጠኝ

ፈረደ ጎሚስታው ካርታ ላይ ዕድል የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው ብቸና ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ነገ የሚሄድ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤቱ ጎማ ሲፈታ፣ የተቀደደ ካላማዳሪ ሲለጥፍ እጁ የተባረከ ነው፤ ሾፌሮቹ "ፈረደ የለጠፈው ጎማ ከመኪናው በኋላ ነው የሚያረጅ" ይሉለታል። ያ የተባረከ እጅ ካርታ ሲነካ ግን ምን እንደሚይዘው እንጃ።

ፖከርን ብቸና ያስገቡት አስፋልቱን ሊሠሩ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። እነሱ ሄዱ፤ ፖከሩ ቀረ። ጨዋታው ቀላል ነው። አምስት ካርታ ይታደልሃል፤ ያልወደድከውን አንዴ ጥለህ በምትኩ ሌላ ትወስዳለህ፤ ከዚያ ሁሉም ይገልጣል፤ ተመሳሳይ ካርታ የበዛለት ያሸንፋል፤ እኩል ከሆነ ትልቁ ካርታ ይረታል፣ አስ ደግሞ የሁሉ የበላይ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የኔሰው ግቢ፣ ከዋንዛው ሥር ይሰበሰባሉ። የኔሰው ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ በሰንበት እንኳ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ። ሦስተኛው ውበቴ ነው፤ መምህር ነው፤ ካርታው የሱ ነው፤ ከኮቱ ኪስ አይለየውም። ገንዘብ አይያዝም። የተሸነፈው ምሳ ሲቀርብ ተነሥቶ የሁሉንም እጅ ያስታጥባል፤ ቅጣቱ ይኸው ነው። ፈረደ ማስታጠብ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። "አስታጣቢው" የሚለው ስም ከጎሚስታው ይልቅ ሊጸናበት ትንሽ ነው የቀረው።

ዝም ብሎ ቢሸነፍ እኮ ባልከፋው። ይህ ሰው የሚሸነፈው ተስፋ ተሰጥቶት ነው። ሦስት ንጉሥ ይይዝና ልቡ ከሸሚዙ ልትወጣ ትደርሳለች፤ ውበቴ ሦስት አስ ይገልጣል። ሁለት አስ ይዞ ሦስተኛውን ሲለምን፣ ሦስተኛው የኔሰው እጅ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ የኔሰው ደግሞ የአስን ክብር በቅጡ አያውቀውም፣ እንደ ተራ ካርታ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ፈረደ ካርታውን መሬት ላይ ይደፋና "እግዜር ከኔ ጋር ምን አለው?" ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። ጨዋታ ነው ብሎ መተው አልቻለም፤ ማታ ጋደም ብሎ የጣለውን ካርታ እያስታወሰ ይንገበገባል።

በአገራችን ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየኸው ሰው የቀንህን ነገር ይወስናል። ገዱ የቀና ካጋጠመህ ቀናህ፤ ገደ ቢስ ካጋጠመህ አርፈህ ቤትህ ብትመለስ ይሻልሃል። ፈረደም ነገሩን መረመረ። እሑድ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ማንን ነው? ሚስቱን ወይንእሸትን። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሌላ የሚጠረጠር ሰው የለም። የጅል ሒሳብ መልሱ ቶሎ ነው የሚወጣ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣና፣ ገዷ የቀና ነው የምትባለዋ ጎረቤቱ ማርያማዊት በር ላይ ቆሞ "እንደምን አደርሽ" ይላል።

"ፊቴ ምን ሆነ ፈረደ?" አለችው ወይንእሸት አንድ እሑድ።

"ምንም አልሆነም። ገድሽ ለካርታ አይሆንም፤ የማላይሽ እሑድ እሑድ ብቻ ነው።"

"የሠርጋችን ዕለትስ በማን ገድ ወጣህ?"

ፈረደ ጋቢውን ይበልጥ ተከናንቦ ወጣ። ወይንእሸት ነገር የምትቋጥር ሴት አይደለችም፤ ይቺን ግን ቋጠረቻት። እሑድ ጠዋት እሱ እስኪወጣ ድረስ ጓዳ ገብታ መቀመጥ ጀመረች። ማርያማዊትን አይቶም ሄዶ እንደተለመደው ተሸንፎ ይመለሳል፤ ገዱን የመለሰለት ማንም የለም። እሱ ግን ይህን አይቶ እንኳ ጋቢውን አላወረደም፤ ሰው ጥፋቱን ሌላ ላይ መለጠፍ ከለመደ መንቀሉ ይከብደዋል።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ በአንዱ እሑድ ነው ነገሩ የተለወጠው። ፀሐዩ ለጉድ ነበር። የየኔሰው እናት እማማ ይርጋነሽ ከዋንዛው ጥላ ወጣ ብለው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ጠዋት ቅዳሴውን ቆመው ያስቀደሱ፣ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው የተመለሱ ሴት ናቸው። ፈረደን ሲያዩ መተረብ ይወዳሉ።

"ልጄ፣ ውኃውን ዛሬ ለብ አድርገህ አምጣልኝ፤ ባለፈው እጄን አቀዘቀዝከው" አሉት።

"ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያስታጥብዎት እማማ።"

"ይህንንማ ከሆሳዕና ጀምሮ ስሰማው ነው!"

ውበቴ በወዘ፣ አደለ። ፈረደ ካርታውን ሲያነሣ ጣቶቹ ደነገጡ። ካርታዎቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከጉድጓድ ውኃ ውስጥ እንደወጣ ዕቃ። በዚያ ሙቀት፣ ከውበቴ ኪስ ወጥተው እንኳ ቀዝቃዛ ነበሩ። ሁለት ዘጠኝ አየ። ሦስቱን ጥሎ ሦስት ወሰደ። ሁለት ዘጠኝ ጨመረለት፤ ከነሱ ጋር አንዲት ቀይ ሁለት። ውበቴ በኩራት ሦስት ንጉሥ ዘረጋ። ፈረደ አራት ዘጠኙን አንድ በአንድ መሬት ላይ አኖረ።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። የኔሰው እንኳ ከመቀመጫው ተነሣ። ውበቴ ራሱን ይዞ "አራት ዘጠኝ! እንግዲህ 'ዘጠኝ ሞት መጥቷል ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ' ነው የሚባለው!" ብሎ ሳቀ። እማማ ይርጋነሽም ሳቁ፤ ምስራቸው ከሰፌዱ እስኪፈስ ሳቁ። ፈረደ ከዚያ በኋላ የተጫወተውን ሁሉ አሸነፈ። በየዙሩ ካርታው ቀዝቅዞ ይመጣል፤ በየዙሩ ዘጠኞቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ያቺ ቀይ ሁለትም እንደ ተከታይ ከኋላቸው አትጠፋም። ዋንዛው ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች መቼ እንደሄዱ ማንም ልብ አላለም። ምሳ ሲቀርብ ያስታጠበው መምህር ውበቴ ነበር።

ፈረደ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ከወገቧ አንሥቶ አዞራት። "ተፈታ! ገዴ ተፈታ ወይንዬ!" ወይንእሸትም ቂሟን ረስታ ሳቀችለት። ሰኞ ሲነጋጋ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። እማማ ይርጋነሽ በተኙበት አርፈው ተገኙ።

ሰው ይሞታል፤ ያረጀ ደግሞ ይቀድማል። ማንም ከካርታ ጋር አላያያዘውም፤ ፈረደም ቢሆን። ድንኳን ተተከለ። እንደ ልማዱ ቀባሪው ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው ሲያመሽ ካርታ ይጫወታል፤ ውበቴ ካርታውን አወጣ፤ የኔሰውም ሐዘኑን ትንሽ ይርሳ ተብሎ ተጋበዘ። ፈረደ ገና ሲያነሣው ካርታው ለብ ያለ ነበር። ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። በጠጅ ፋንታ ሐዘን በነበረበት በዚያ ድንኳን ውስጥ "አስታጣቢው ተመለሰ" ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። እሱም በሟች ድንኳን ውስጥ ሆኖ በካርታው ተናደደ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ተዘግቶ የቆየው መንገድ በተከፈተ ሰሞን፣ ፈረደ ጎማ ሊያመጣ ሞጣ ሄደ። ጎማ የሚገዛው ከከሊፋ ነው። የከሊፋ አያት ሞጣ ገበያ ላይ ጨው ሸጠዋል፣ አባቱ ጨርቅ ሸጠዋል፣ እሱ ጎማ ይሸጣል፤ ሦስቱም ሚዛን አያጎድሉም ይባላል። ከሊፋ ካርታ አይነካም። ፈረደ ስለ ሽንፈቱ ሲያማርር ግን በትዕግሥት ያዳምጠዋል፤ ሚስቱ ዑሙሰልማ ሻይ እየቀዳች "ይህ ሰው እኮ ስለ ካርታ ሲያወራ ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው" ትላለች።

ፈረደ የሚያርፈው ብሩክታይት ማረፊያ ነው። ብሩክታይት ገና አርባ ያልሞላት፣ ቁልፍ ወገቧ ላይ የምታንጠለጥል፣ ከሾፌር ጋር ተከራክራ የማትሸነፍ ሴት ነበረች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢዋ ውስጥ ሾፌሮች ፖከር ይጫወታሉ። "የብቸናው ጎሚስታ ና ግባ" አሉት። ገባ። ካርታው ሲታደል ጣቱን ያዘው ያ ብርድ። ልቡ በደስታ ዘለለች፤ ምን ያድርግ፣ ሌላ ምን ያውቃል? አራት ዘጠኝ፣ አንዲት ቀይ ሁለት። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ብሩክታይት ፎጣ ክንዷ ላይ እንደጣለች በሩ ላይ ቆማ "ኧረ ይህ ሰው ቁማርተኛ ነው! ግቢዬን አሸንፎ እንዳይወስደው!" ብላ ሳቀች። ከሷ ሳቅ በኋላ ግቢው ለጥቂት ጊዜ ጭር አለ፤ የቆሙት መኪኖች፣ የተሰጣው አንሶላ፣ ሁሉ ነገር አንድ ነገር የሚጠብቅ መሰለ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ።

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወጣ። ግንደወይንን አልፈው ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ስልኩ ጠራ። ከሊፋ ነው።

"ፈረደ፣ ያረፍክበት ቤት... ብሩክታይት አልነቃችም። ቁልፏ ወገቧ ላይ እንዳለ ነው ያገኟት።"

ፈረደ ከመኪናው ወረደ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን ከፍቶ አየው። ያን ጊዜ ነው እማማ ይርጋነሽ ከሰፌዳቸው ጋር ድንገት ፊቱ ድቅን ያሉት። በሌላ መኪና ወደ ሞጣ ተመለሰ።

ከቀብር መልስ ከሊፋ ሱቅ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረው። "ያሸነፍኩበት ቤት ሰው ይሞታል ከሊፋ። ስሸነፍ ምንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸነፍ አንድ ሰው አልሞተም። ሳሸንፍ ግን..."

"ነፍስ በአላህ እጅ ናት፤ በወረቀት እጅ አይደለችም" አለ ከሊፋ። "እብድ ነህ አልልህም። ግን ስማኝ። እኛ ዘንድ ቁማርና ዕጣ እየጣሉ መጠንቆል ባንድ ላይ ነው የተከለከሉ። ልጅ ሳለሁ ለምን ብዬ አባቴን ጠይቄው ነበር። 'ሰው የማያገባውን መጠየቅ ይለምዳል፣ መልስ የመጣ ዕለት መግቢያ ያጣል' አለኝ። ካልተጫወትክ አታሸንፍም። ካላሸነፍክ ምን ያስፈራሃል? አትጠይቅ፤ በቃ።"

"ማርያምን፣ ሁለተኛ አልነካም" አለ ፈረደ።

እውነቱን ነው፣ አልነካም። ክረምቱን ሙሉ አልነካም። እሑድ ጠዋት ጋቢ መከናነቡ ቀረ። ወይንእሸት ከጓዳ ወጣች፤ ቁርሳቸውን አብረው ይበላሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተጠግተው ያወራሉ። አንድ ጊዜ "ካርታውን ምን አስጠላህ?" ብትለው "አንቺን ማየት ይሻለኛል" አላት። እሷም "ዘገየህ እንጂ አልሳትክም" ብላ ትከሻውን መታችው። እነ ውበቴ "ሽንፈት አስኮረፈው" አሉ። ይበሉ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወይንእሸት ታመመች። ትኩሳት ነው፣ ራስ ምታት ነው፣ እህል አልቀመስ አለች። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ቀነሰ። ነርሷ "ትድናለች፣ አትጨነቅ፤ ብቻ ፈሳሽ አብዛላት" አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ እፎይ ይላል። ፈረደ ግን ዕድል ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሦስት ንጉሥ ይዞ ስንት ጊዜ ተሸንፏል! የነርሷ ቃል ለሱ እንደ ሦስት ንጉሥ ነው፤ ደስ ያሰኛል እንጂ አያስተማምንም። ሌሊት እየተነሣ ትተነፍስ እንደሆነ ያዳምጣል። ቀን ጎማ ሲለጥፍ እጁ ይስታል። ያቺን እሑድ እሑድ ጓዳ ያስገባትን ሴት ሊያጣት እንደሚችል ያስባል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የኔሰውና ውበቴ ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘው፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብለው፣ ሳሎን ተቀመጡ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ቤት ጋደም ብላለች፤ ድምፅዋ ደከም ያለ ነው እንጂ ታወራለች። ጨዋታ ሲያልቅባቸው ውበቴ እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ከተተና ካርታውን አወጣ። ወዲያው አፈረ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ልማድ ነው" ብሎ ሊመልሰው አለ።

ፈረደ ካርታውን አየው። አእምሮው ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። ያሸነፈበት ቤት ሰው ሞቷል። የተሸነፈበት ቤትስ? በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ሽንፈት፣ አንድም ሰው አልሞተም። እንግዲያው እዚህ ቤት ቢሸነፍስ? ነርሷ የማታውቀውን፣ ሐኪም የማያውቀውን፣ ይቺ ወረቀት ታውቀዋለች ማለት አይደለም? መሸነፍ እንደሆነ ማን ያክለዋል! ከሊፋ "አትጠይቅ" ብሎት ነበር። ግን ከሊፋ ሞጣ ነው፤ ወይንእሸት ከመጋረጃው ወዲያ ናት።

"አውጣው" አለ። "አንድ ሁለት ዙር እንጫወት።"

ውበቴ አደለ። ፈረደ ትንፋሹን ውጦ አነሣ። ለብ ያለ ካርታ! አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አንድ ወታደር፣ አንድ ንግሥት፤ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ቅራቅንቦ። ሊስመው ትንሽ ቀረው። ሁለት ጥሎ ሁለት ወሰደ፤ የባሰ መጣለት። ተሸነፈ፤ ከት ብሎ ሳቀ።

"ማነው ተሸንፎ የሚስቀው?" አለች ወይንእሸት ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ወይንዬ!"

"የታመምኩት እኔ ነኝ አንተ?"

ሁሉም ሳቁ። ሁለተኛውንም ተሸነፈ፤ ሦስተኛውንም። በየዙሩ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ እየቀለለ መጣ። ፊቱ በራ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታ የፈለገውን እየሰጠው ነበር። የኔሰው ጋቢውን ሰብስቦ "እንግዲህ እንሂድ፣ እሷም ትረፍ" ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ ተነሥቶ ቢሸኛቸው ምን ነበረበት! ቁማርተኛ ግን በልኩ ተነሥቶ ያውቃል? የቀናው "አንዴ ልድገም" ይላል፣ ያልቀናው "አንዴ ላካክስ" ይላል፤ ሁለቱም አይነሡም። ፈረደ ደግሞ ሽንፈት ቀንቶታል። ሦስት ጊዜ ተሸንፎ እርግጠኛ መሆን አልበቃው አለ፤ አንድ ጨምሮ ነገሩን ማሰር ፈለገ።

"አንዴ ብቻ" አለ። "የመጨረሻ።"

የኔሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ታደለ። ፈረደ እጁን ዘረጋ፤ ጣቱ ገና ሳይነካው ብርዱ ደረሰበት።

ማየት አልፈለገም፤ ግን አየ። አራት ዘጠኝ፣ አንዲት ቀይ ሁለት። ከመጋረጃው ወዲያ ወይንእሸት ሳል አለች። ፈረደ አምስቱንም ካርታ በግንባራቸው ደፍቶ ወደ ጎን ገፋቸው።

"አምስቱንም?" አለ ውበቴ። "ምን አግኝተህ ነው?"

"አምስት ስጠኝ።"

ውበቴ ትከሻውን ነቅንቆ አምስት ቆጥሮ ሰጠው። በረዶ ናቸው። ፈረደ አንዱን ገለጥ አደረገ፤ ዘጠኝ። ሁለተኛውን፤ ዘጠኝ። ካርታ ውስጥ ያሉት ዘጠኞች አራት ናቸው፤ አራቱንም አሁን ጥሏቸዋል፤ እዚያው አጠገቡ ተደፍተው ይታያሉ። አንዱን የተጣለ ካርታ በጣቱ ጫፍ ገለበጠው፤ ሦስት ነው። ሌላውን፤ ወታደር። ሌላውን፤ ሰባት። ጥሏቸው የነበሩት ዘጠኞች ከዚያ የሉም። እጁ ውስጥ ናቸው፤ አራቱም፣ ከነቀይዋ ሁለት።

"ተሸነፍኩ" አለ ፈረደ። ካርታውን ሳይገልጥ ከቀረው ጋር ሊቀላቅለው እጁን ዘረጋ። "በቃ፣ ተሸንፌያለሁ። ተነሡ እንግዲህ፣ መሽቷል።"

"ቆይ እንጂ፣ የት መሽቶ? እኔ ምንም የለኝም" አለ የኔሰው ዘርግቶ እያሳየ።

"እኔም ባዶ ነኝ" አለ ውበቴ፤ አለና የፈረደን እጅ ያዝ አድርጎ ካርታውን ገለበጠው። ዓይኑ ፈጠጠ። "አንተ ሰው! አራት ዘጠኝ ይዘህ ነው ተሸነፍኩ የምትል? በበሽተኛ ቤት አስተዛዛኝ ሆነህ ነው? የኔሰው፣ እይ እስቲ! አሸንፏል እኮ! ፈረደ አሸነፈ!"

"ዝም በል" አለ ፈረደ። "ዝም በል በእናትህ።"

ዘግይቶ ነበር። ወይንእሸት ሰምታለች። "አሸነፈ? ፈረደ አሸነፈ? እሰይ!" አለች፤ ከዚያም ያ የደከመ ድምፅዋ እንደ ምንም ተነሥቶ እልል አለ። አጭር እልልታ ነበር፤ መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራት። ውበቴ አጨበጨበ። የኔሰው ግን የፈረደን ፊት አይቶ አላጨበጨበም።

ሸኛቸው። መቼ እንደሄዱ፣ ምን ብለው እንደተሰናበቱት አያስታውስም። ወደ ውስጥ ሲገባ ወይንእሸት ትራሱን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ጉንጯ ላይ ደም ተመልሶ ነበር። "ራበኝ" አለችው። አጥሚት ሞቅ አድርጎ አመጣላት፤ ግማሹን ጠጣች፤ ከታመመች ወዲህ ይህን ያህል ቀምሳ አታውቅም። "ባሸነፍክ ቁጥር እንዲህ ከተሻለኝ ዘወትር አሸንፍልኝ" ብላ ቀለደች። ፈረደ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። እግሯ ሥር ተቀምጦ ይመለከታታል። ሁሉንም ሊነግራት አሰበ፤ ምን ብሎ ይንገራት?

ሐሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ያሸነፈበት ቤት ሰው ይሞታል፤ እሺ። ግን ማን ብሎ ማን ለየ? እዚህ ቤት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት፤ አንዱ እሱ ነው። እሱም የቤቱ ሰው ነው! ይህን እንዴት ሳያስበው ቆየ? ልቡ ተስፋ አደረገች። ግማሽ በግማሽ ነው፤ በካርታ ከዚህ የሰፋ ዕድል ታድሎ አያውቅም።

አጠገቧ ጋደም አለና ለመነ። ካርታ ሲለምን የኖረበትን ጉጉት ሁሉ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንድ አስ ብቻ እያለ ያባከነውን ልመና ሁሉ፣ አሁን ባንድ ላይ አመጣው። እኔን አድርገው። አንድ ጊዜ እንኳ የምፈልገውን ስጠኝ፤ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም። ወይንእሸት በእንቅልፍ ልቧ ክንዷን ደረቱ ላይ ጣል አደረገች። እየለመነ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰኞ ጠዋት፣ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ "ሞጣ! ሞጣ!" እያሉ ሲጮኹ ፈረደ ነቃ።

መንቃቱን ማመን አልፈለገም። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ግን ይሰማዋል፣ የመኪና ጡሩምባ ይሰማዋል፣ የማርያማዊት በር ሲከፈት ይሰማዋል። እንደ ልማዱ የለመነው አልደረሰውም።

"ወይንዬ" አለ።

ጠበቀ። የሷ ክንድ ደረቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ከብዷል።

"ወይንዬ፣ ነጋ እኮ" አለ ደግሞ፤ ከዚያ ማርያማዊት በሩን ገፍታ እስክትገባ ድረስ ስሟን መጥራት አላቆመም።